ለተሰበረ እጅ የቱ ይሻላል? ጀሶ፣ የሱቅ መደገፊያ ወይስ በሙቅ ውኃ የሚቀረጸው

እናቴ በሐምሌ ጭቃ አዳልጧት የእጅ አንጓዋ ከተሰበረ ወዲህ፣ ቤቱ ስብራት የገባበት ወዳጅ ሁሉ «የቱን እንግዛ?» እያለ ይደውልልኛል። መልሴ አንድ ነው፤ ሐኪሙ ከፈቀደ በሙቅ ውኃ የሚቀረጸውን የፕላስቲክ መደገፊያ አሠሩ። ይህን ያወቅሁት ግን 3,020 ብር ከከሰርሁ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጀሶ ታሰረላት፤ ትክክልም ነበር። አዲስ ስብራት፣ በተለይ ከቦታው ወጥቶ የተመለሰ አጥንት፣ የማይፈታ ነገር ይፈልጋል። በአሥረኛው ቀን እብጠቱ ሲቀንስ ጀሶው ላላ። ራጁ አጥንቱ አለመንቀሳቀሱን ስላሳየ ሐኪሙ ምርጫውን ለእኛ ተወ፦ ጀሶውን መቀየር ወይም የሚቀረጸውን ማሠራት። የሚቀረጸው 4,800 ብር ተባለ። የጀሶ ጥቅል አንዱ 220፣ ሦስቱ 660፣ ጥጡ 150፤ በድምሩ 810። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየሁና 810 ከፍዬ ወጣሁ።

የጅማን ክረምት አላሰብሁትም። ጀሶ በደቂቃዎች ውስጥ የጠነከረ ይመስላል እንጂ እስከ ውስጡ ለመድረቅ አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል፤ ከደረቀም በኋላ ውኃ ጠላቱ ነው። እናቴ ለውዱእ እንኳ በእርጥብ እጇ ላዩን ብቻ እያበሰች ስትጠነቀቅለት ቆይታ፣ አንድ ቀን ከለቅሶ ስትመለስ ዝናብ ያዛት። በማግሥቱ መዳፏ ላይ ያለው ጀሶ እንደ ራሰ ዳቦ ይቆረስ ነበር። ሌላ 810፤ ለባጃጅ ኮንትራት ደርሶ መልስ 300። ፋይበርግላስ የሚባለውም ከላይ ውኃ ቢችል ከሥሩ ያለው ጥጥ ይረጥባል፤ ሲላላም ተቆርጦ ይጣላል እንጂ አይስተካከልም።

በአራተኛው ሳምንት «ከእንግዲህ መደገፊያ ይበቃል» ስንባል አሁንም ርካሹን ፈለግሁ። መርካቶ አካባቢ ከአንድ ሱቅ ብረት የገባበትን የጨርቅ መደገፊያ በ1,100 ብር ገዛሁ። በአምስተኛው ቀን ብረቱ ከኪሱ ሾልኮ አውራ ጣቷ ሥር ያለውን ቆዳ ልጦት አገኘሁት። ማሰሪያውም መጣበቁን ትቷል። ማሸጊያውን አንሥቼ ሳየው የአምራቹ ስም ፊደሉ ተሳስቶ ነው የተጻፈው፤ የታወቀ ምርት አስመስለው የሠሩት ነበር። እናቴ ያወጣሁት ገንዘብ እንዳይቆጨኝ ብላ ሕመሟን ደብቃኝ ቆይታለች። ከብሩ ይልቅ ይህ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ያኔ 4,800ውን ከፈልሁ። ባለሙያው የእጇን ቅርጽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ነድፎ ፕላስቲኩን በዚያ ልክ ቆረጠ። 70 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውኃ ውስጥ ሲነክረው ነጩ ፕላስቲክ እንደ መስታወት ጠራ፤ እንደ ሊጥም ተለጠጠ። በፎጣ አደራርቆ፣ ሙቀቱን በራሱ ክንድ ፈትኖ፣ «እማማ፣ እጅዎን እንዲህ ይያዙልኝ» እያለ ክንዷ ላይ አለበሰው። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ተመልሶ ነጣ፤ ጠነከረም። በሳምንቱ የአንጓዋን ጉብታ ሲነካት ያንን ጠርዝ ብቻ አሙቆ ወደ ውጭ ገፋላት፤ ሳንቲም አልጨመርሁም። በተፈቀደላት ሰዓት እየፈታች ትታጠባለች፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ስላለው ቆዳዋም አየር ያገኛል።

ዋጋ ስትጠይቁ «ፕላስቲኩን ብቻ ነው ወይስ ቅርጹንና ማስተካከያውን ጨምሮ?» በሉ። አንድ ቦታ 3,500 ብለውኝ የነበረው ለፕላስቲኩ ብቻ ነበር። ጎረቤታችን በ2,000 ያገኙት ደግሞ ውኃ ውስጥ ሲገባ አንዱ ጫፍ ሲዝለፈለፍ ሌላው ደርቆ ቀረ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ቁራጭ አስነክሩ፤ እኩል ካልለሰለሰ ተዉት። ደህናውም ቢሆን እሳት አይወድም፤ እናቴ ቡና ስትቆላ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣው ጫፉ ተቆልምሟል። ማሰሪያው ሲያረጅ ሌላ መደገፊያ አያስፈልግም፤ ጫማ ሰፊ በ80 ብር ቀይሮልኛል።

የትኛውንም ብታደርጉ፣ ጣት ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ። ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ አስሮት፣ ደም ሳይደርሰው ቀርቶ የተቆረጠ እጅና እግር በአገራችን ብዙ ነው።

የእናቴን መደገፊያ እንዳውሳቸው የጠየቁኝም አሉ። ተመልሶ ይለሰልሳል፤ ግን የተቆረጠው በእሷ እጅ ልክ ስለሆነ ሌላ ክንድ ላይ አይገጥምም፤ ቤት ውስጥ በፈላ ውኃ መሞከርም ቆዳ ያቃጥላል። የባለሙያውን ቦታ ለሚፈልግ ግን አብሬ ሄጄ አሳያለሁ።