በትዕዛዝ የሚሠራ አርችቶፕ ጊታር ልታዝዙ ነው? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

14 ወር ጠበቅኩ። 6,200 ዶላር ከፈልኩ። ሳጥኑ ሲከፈት ግን ውስጡ ያለው እኔ ያዘዝኩት ጊታር አልነበረም። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያው ዓይነት ውል ላይ እንዳይፈርም ነው። የሰሪውን ስም አልጠራም። ስሙን ብጠራ ከእሱ ብቻ ትጠነቀቃላችሁ። እኔ የምፈልገው ከውሉ እንድትጠነቀቁ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ እንጫወታለን። ለዓመታት አንድ ጥሩ አርችቶፕ እመኝ ነበር። አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ሳልሰካ፣ ሳሎኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ትዝታን ቀስ አድርጌ የምጫወትበት። ጊታሩን ለማታውቁት፣ ፊቱ እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ያለ ነው። መሃሉ ላይ ክብ ቀዳዳ የለውም። ግራና ቀኙ ላይ የኤፍ ፊደል ቅርጽ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉት።

ስለ ፊቱ ትንሽ ላብራራ። የተበላሁት እዚያ ላይ ነው።

ኦርቪል ጊብሰን የሚባል ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካላማዙ፣ ሚሺጋን ውስጥ የማንዶሊንና የጊታር ፊት ከወፍራም እንጨት እየፈለፈለ መሥራት ጀመረ። በስሙ የተቋቋመው ኩባንያ በ1922 ኤል-5 የተባለውን ጊታር አወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ የጊታር ፒክአፕ፣ ማለትም የክሮቹን ድምፅ ወደ አምፕ የሚያስተላልፍ ዕቃ፣ የለም። ጊታሩ ከጥሩንባና ከድራም መሃል መሰማት ነበረበት። ያንን ጉልበት የሚሰጠው የተፈለፈለው ፊት ነው። በ1934 ሱፐር 400 መጣ። ስሙን ያገኘው ከዋጋው ነው፣ 400 ዶላር። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ጆን ዲአንጀሊኮ ከ1932 ጀምሮ በ1964 እስኪሞት ድረስ በትንሽ ሱቁ በእጁ ይሠራ ነበር።

የሚፈለፈል ፊት ብዙውን ጊዜ ስፕሩስ ከሚባል እንጨት ነው። ሰሪው መሃሉን ወፈር፣ ወደ ጠርዙ ሳሳ እያደረገ ይሄዳል። በጣቱ መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል። እንደገና ይፍቃል። ብዙ ሰዓት የሚበላ ሥራ ነው። ገንዘቡም የሚከፈለው ለዚህ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። በ1949 ጊብሰን ኢኤስ-175ን አወጣ። የእሱ ፊት የተፈለፈለ አይደለም። ስስ ስስ እንጨት ተደራርቦ፣ በኮላ ተጣብቆ፣ ጎባጣ ቅርጽ ላይ ተጭኖ የወጣ ነው። በእኛ ቋንቋ ኮምፔንሳቶ። ይህ ነውር አይደለም። ጆ ፓስን የመሰለ ሰው ተጫውቶበታል። አምፕ ሲከፈት ቶሎ አያፏጭም፣ መንገድም ይችላል። ነገር ግን ድምፁ ሌላ ነው። ዋጋውም ሌላ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ። ሁለት ገጽ ነበር። የመቃኛ ቁልፎቹ ወርቅ ቅብ እንዲሆኑ አንድ አንቀጽ። የጭንቅላቱ ቅርጽ አንድ አንቀጽ። በአንገቱ ላይ ስለሚገባው የዛጎል ጌጥ ግማሽ ገጽ። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት የብረት መስመሮች አንዱ) ጋ የልጄ ስም በአማርኛ ፊደል በዛጎል እንዲጻፍ ጠይቄ ስለነበር፣ ስለ ፊደሎቹ ብቻ አራት ጊዜ ተጻጽፈናል። ሰውዬው በዚህ ሁሉ ትዕግስተኛ ነበር። ለእያንዳንዱ ጥያቄዬ ፎቶ ይልክልኛል። ስለ ፊቱ ግን ውሉ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፦ «ፊት፦ ስፕሩስ»። በቃ። «የተፈለፈለ» የሚል ቃል የለም። «ወጥ እንጨት» የሚልም የለም። በስልክ ስናወራ ስለ ኤል-5 እና ስለ ዲአንጀሊኮ ነበር የምናወራው። ስለዚህ ሁለታችንም ስለ አንድ ነገር የምናወራ መሰለኝ። ሳሩን አይቼ ገደሉን አላየሁም።

ጊታሩ ሲመጣ ዓይን ያፈዛል። ወርቁ፣ ዛጎሉ፣ የልጄ ስም። ስመታው ግን ድምፁ ከደረቱ አይወጣም። የታፈነ ነው። አዲስ ጊታር እየተጫወቱት ይከፈታል ሲባል ስለምሰማ ሦስት ሳምንት ታገስኩ። ከዚያ ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። የጥርስ ሐኪም የሚጠቀምባትን ትንሽ መስታወት በኤፍ ቀዳዳው አስገብቶ በባትሪ አየ። ቀዳዳው ዙሪያውን በነጭ ፕላስቲክ የተከፈፈ ነው። ለጌጥ መስሎኝ ወድጄው ነበር። ለካ የእንጨቱን ጠርዝ ሸፍኖ ነው። ፕላስቲኩ ባይኖር ኖሮ እኔም በዓይኔ አየው ነበር። ወጥ እንጨት ከሆነ የፊቱ መስመሮች ጠርዙን ተሻግረው ወደ ውስጥ ይወርዳሉ። ኮምፔንሳቶ ከሆነ ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይታያል። የእኔ ሦስት ንብርብር ነው። ጀርባውም እንደዚያው። ውጭ ያለው የሜፕል እንጨት ነብርማ መስመር ከውስጥ ካለው ጋር አይገጥምም።

ለሰሪው ጻፍኩለት። መልሱ አጭር ነበር። የላይኛው ንብርብር ስፕሩስ ነው፣ ውሉም የሚለው ስፕሩስ ነው አለኝ። ውሉን ደግሜ አነበብኩት። እውነትም የሚለው እንደዚያ ነው። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር በምትፈርሙት ወረቀት ላይ በምትፈርሙበት ቋንቋ አስጽፉ፦ «ፊቱ ከወጥ ስፕሩስ፣ ጀርባው ከወጥ ሜፕል የተፈለፈለ ነው፤ ተደራርቦ የተጣበቀ ወይም በሙቀት ተጭኖ የጎበጠ አይደለም።» የመጨረሻውን ሐረግ አትተዉት። ወጥ እንጨትን በሙቀት አጉብጦ የሚሠራም አለ፣ እሱም ከተፈለፈለው ጋር አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ቁስል አንገቱ ነው። አርችቶፕ ላይ ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚያርፉበት ድልድይ፣ በኮላ አይጣበቅም። በገና ያየ ሰው በርኩማውን ያስታውስ፤ ክሮቹ ተጭነው ነው የሚይዙት። ክሮቹ ብሪጁን በደንብ የሚጫኑት አንገቱ በትክክለኛው ማዕዘን ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ከተገጠመ ነው። ብሪጁ ላይ ክሮቹን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ፣ በጣት የሚዞሩ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች አሉ። ጤነኛ ጊታር ላይ ጎማዎቹ ወደ ላይም ወደ ታችም መሄጃ ቦታ ይኖራቸዋል። የእኔ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብለዋል። ክሮቹ ግን አሁንም ከፍ እንዳሉ ናቸው። ጣቴ ያማል። አንገቱ በኮላ የተጣበቀ ስለሆነ ነቅሎ እንደገና መግጠም ነው መፍትሔው። ጠጋኙ 1,100 ዶላር ጠየቀኝ። በቪዲዮ እንኳ ብታዩት የብሪጁን ጎማዎች በቅርብ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ይህ የአንድ ደቂቃ ጥያቄ ነው።

የብሪጁ እግርም ፊቱ ላይ በትክክል አልተቀመጠም ነበር። ወረቀት ከሥሩ ያልፋል። ይህኛው እንኳ ቀላል ነው። ብርጭቆ ወረቀት ፊቱ ላይ ዘርግተህ እግሩን ወደፊት ወደኋላ እየገፋህ የጉብታውን ቅርጽ እንዲይዝ ታደርጋለህ። ጠጋኙ በአንድ ከሰዓት ጨረሰው። ድምፁም ትንሽ ተከፈተ። ከስድስት ሺህ ዶላር በላይ የተከፈለበት ሥራ ላይ ይህ መቅረቱ ግን አሁንም ያናድደኛል።

ስለ ፒክአፑ አገጣጠም ማንም አልጠየቀኝም። ውሉ «አንድ ሃምበከር፣ አንገት በኩል» ይላል፤ ሃምበከር የፒክአፕ ዓይነት ነው። ፊቱን ቆርጦ ነው የገጠመው። ከአንገቱ ጫፍ ወይም ከጣት ማሳረፊያው ላይ ተንጠልጥሎ ፊቱን የማይነካ ፒክአፕ አለ። ፊቱ እንደልቡ እንዲንቀጠቀጥ ለሚፈልግ ሰው ያኛው ይሻላል። ኪቦርድና ድራም ባለበት ጮክ ብሎ ለሚጫወት ደግሞ ተቆርጦ የገባው ይሻላል፣ ማፏጨቱ ይቀንሳል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ግን ምርጫው የእናንተ ነው። የተቆረጠ ፊት አይመለስም።

ቴልፒሱ፣ ማለትም ክሮቹ ከታች በኩል የሚታሰሩበት ዕቃ፣ ከባድ፣ ወርቅ ቅብ ነው። ማጠፊያው አንዳንድ ኖታ ላይ ይንጫጫል። ወርቁም እጄ የሚያርፍበት ጋ ከወዲሁ መልቀቅ ጀምሯል፣ ላብ ይበላዋል። የዲአንጀሊኮ ረዳት የነበረው ጂሚ ዲአኩዊስቶ በኋላ ላይ ቴልፒሱን ከዞጲ እንጨት መሥራትን መርጧል። ቀለል ያለ ነው፣ አይዝግም፣ አይላጥም። እኔ እንደዚያ ዓይነት አማራጭ እንዳለ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ጊታሩን ይዛችሁ ድንበር የምታቋርጡ ከሆነ የእንጨቱን ዓይነት በሙሉ ስሙ አስጽፉ። የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የእንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው። ያለ ፈቃድ ወረቀት ብትይዙት ጉምሩክ ሊወርሰው ይችላል። «ሮዝውድ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም።

ገንዘቡን እንዴት እንደከፈልኩ ልንገራችሁ፣ እዚህም ላይ ተሳስቻለሁና። ግማሹን ቀብድ በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ላክሁ። ቀሪውንም ጊታሩ ከመላኩ በፊት በዚያው መንገድ። በዚህ መንገድ የሄደ ብር እንደተሰጠ ጥሬ ገንዘብ ቁጠሩት። በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው የአሜሪካ ሕግ መከራከሪያ መብት ይሰጠዋል። ነገር ግን በሕጉ ጊዜው ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ መግለጫ ከተላከ 60 ቀን ነው። ቀብዱን በጥር ከፍላችሁ ጊታሩ በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ቢመጣስ? አንዳንድ የካርድ ድርጅቶች የበለጠ ጊዜ ይሰጣሉ። ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ቀብዱን አሳንሱት። ትልቁ ክፍያ ጊታሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ከተጫወታችሁበት በኋላ ይሁን። በዚህ የማይስማማ ሰሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

አንድ ነገር ደግሞ ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ጊታሩን ልመልስ ስል ውሉ ውስጥ «የግል ምልክት ያለበት ሥራ አይመለስም» የሚል አገኘሁ። የልጄ ስም ነው የግል ምልክቱ። ልሸጠው ብልም የሌላ ሰው ልጅ ስም የተጻፈበት ጊታር የሚፈልግ ገዢ ማግኘት ከባድ ነው። ያን ያህል በፍቅር ያስጻፍኩት ስም በሩን ዘጋብኝ። ስም ማስጻፍ የሚፈልግ ካለ ጊታሩን ካየና ከተቀበለ በኋላ ያድርገው፤ ጥሩ ጠጋኝ በኋላም ይሠራዋል።

ሰሪው 400 ዶላር ልመልስልህ ብሎኝ ነበር። አልተቀበልኩም። ለሜሪላንድ ጠቅላይ አቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ አስገብቻለሁ። ክፍሉ በነጻ ያሸማግላል። አሜሪካ ያላችሁ ሁሉ በየስቴታችሁ ተመሳሳይ ቢሮ ፈልጉ። ፎቶውን፣ የጠጋኙን የጽሁፍ ምስክርነትና የተጻጻፍነውን መልእክት ሁሉ አያይዣለሁ። ምንም መልእክት አታጥፉ።

ቀብድ ከፍላችሁ እየጠበቃችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ለሰሪያችሁ ጻፉለት። ፊቱና ጀርባው ሳይጣበቁ በፊት ከውስጥ በኩል ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። የጠርዙንም፣ የኤፍ ቀዳዳው ፕላስቲክ ሳይገባበት። አንዴ በኮላ ከተዘጋ በኋላ የቀራችሁ ያቺ ትንሽ መስታወት ብቻ ናት።