ኩርፊያ የበላው ስድስት ዓመት፦ ስለ ጄን ኦስተን «ፐርስዌዥን»

የፍቅር ልብ ወለድ አዘውትሬ አነባለሁ። «ወንድ ሆነህ?» ለሚሉኝ መልስ መስጠት ካቆምኩ ቆየሁ። አንድ ዓይነት ታሪክ ግን በቃኝ። ልቧ የተሰበረ ሴት አለች፣ አንድ መልከ መልካም ከተፍ ይላል፣ ሦስት ምዕራፍ ሳይሞላ ቁስሏ ድኖ ቁጭ። ሰውዬው ፍቅረኛ ይሁን ሐኪም አይለይም። «ፐርስዌዥን» እንዲህ አያደርግም። ደራሲዋ በ41 ዓመቷ ከሞተች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1817 መጨረሻ ነው የታተመው። ስለ ልብ መሻር ከዚህ የበለጠ የገባው የፍቅር መጽሐፍ እስካሁን አላገኘሁም።

ታሪኩ እንግሊዝ አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1814 ይጀምራል። ከናፖሊዮን ጋር የነበረው ጦርነት ጋብ ብሎ የባሕር ኃይል መኮንኖች ወደ አገራቸው እየተመለሱ ነው። አን ኤልየት 27 ዓመቷ ነው። በ19 ዓመቷ ፍሬደሪክ ዌንትዎርዝ ከሚባል ወጣት መኮንን ጋር ተጫጭተው ነበር። ልጁ ገንዘብ የለው፣ ትልቅ ዘመድ የለው። እናቷ ሞታለችና በእናት ቦታ የምታያቸው ሌዲ ራስል «ይቅርብሽ» አሏት። ተወችው። ከስምንት ዓመት በኋላ ካፒቴን ሆኖ፣ ከጠላት ከተማረኩ መርከቦች በደረሰው ድርሻ 25 ሺህ ፓውንድ ይዞ መጣ። ቂሙንም አልረሳም። «በጣም ተለውጣለች፣ ባያት አላውቃትም ነበር» ማለቱን ታናሽ እህቷ ሜሪ ሮጣ ትነግራታለች። ሜሪ እንዲህ ናት።

አባትየው ደግሞ ጉድ ነው። ሰር ዋልተር ስሙ የሰፈረበትን የባላባቶች መዝገብ እያገላበጠ ይጽናናል፣ መስታወት ፊት ይቆማል፣ ዕዳ ይከምራል። በመጨረሻ ቤቱን ለአድሚራል ክሮፍት ማከራየት ግድ ሆነ። አድሚራሉ እንደገቡ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል መስታወቶቹን አስወጡ። ራሳቸውን በየአቅጣጫው እያዩ መልበስ አልቻሉማ! ኦስተን ሰው ላይ ስትስቅ እንዲህ ነው፤ ድምፅ አታሰማም።

እኔን የያዘኝ ትዕይንት ግን ሌላ ነው። የሜሪ ልጅ ወድቆ ተጎድቶ ተኝቷል። አን ተንበርክካ ታስታምመዋለች። የሁለት ዓመት ታናሽ ወንድሙ መጥቶ ጀርባዋ ላይ ይወጣል፣ አንገቷን አንቆ አልወርድም ይላል። ትቆጣዋለች፣ ትለምነዋለች፣ ወይ ፍንክች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሌላ ሰው ካለበት ሆኖ «ውረድ» ብሎ ይጮኻል እንጂ አይነሳም። በድንገት ክብደቱ ከላይዋ ተነሳ። ማን እንዳነሳላት ያወቀችው ልጁ ከወረደ በኋላ ነው፤ ዌንትዎርዝ ነው። ቃል አልተናገረም። እንዳታመሰግነው ብሎ ከልጁ ጋር ጫጫታ ጀመረ። አን መናገር አቅቷት አንገቷን ደፍታ ወደ ታማሚው ዞረች። መሳሳም የለ፣ መነካካት የለ፤ እኔ ግን መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ መንጎራደድ አስፈለገኝ።

እና አን በምንድን ነው የምትድነው? ዌንትዎርዝ ስለተመለሰ አይደለም። እሱ ከመታረቁ በፊት እሷ ተነስታለች። ላይም በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ እጮኛው ሞታበት የሐዘን ግጥም ብቻ የሚያነብ ካፒቴን ቤንዊክ የሚባል ሰው ታገኛለች። ግጥሙን ቀነስ አድርገህ ስድ ንባብ ጨምር ብላ ትመክረዋለች። ከዚያ ለብቻዋ ሆና በራሷ ትስቃለች፤ የምትሰብከውን ትዕግሥት ራሷም አልቻለችበትማ። እዚያው ከተማ ሉዊዛ የምትባል ወጣት «እዘላለሁ ካልኩ እዘላለሁ» ብላ ከድንጋዩ ደረጃ ዘልላ ወድቃ ራሷን ስትስት ወንዶቹ ሁሉ ተደናገጡ። ሐኪም እንዲጠራ፣ ማን እንዲሄድ የምታዘው አን ናት። ዌንትዎርዝ በሰው ምክር አትበገርም ብሎ ያደነቃት ሉዊዛን ነበር። ጽናትና ግትርነት አንድ እንዳልሆኑ የገባው እዚያ ነው።

ስለዚህ መዳን ያለበት እሱም ነው። በመጨረሻ ከተገናኙ በኋላ አንድ ነገር ይጠይቃታል። እ.ኤ.አ. በ1808 ጥቂት ሺህ ፓውንድ አግኝቶ ካፒቴን ሲሆን ጽፎላት ቢሆን ኖሮ ትመልስለት ነበር ወይ? መልሷ ግልጽ ነው። አልጻፈም፤ አኩርፎ ነበር። ስድስት ዓመት በኩርፊያ ሄደ። ብዙ የፍቅር ደራሲዎች ጥፋቱን ለክፉ አማት ወይም ለጠፋ ደብዳቤ ይሰጡ ነበር። እዚህ ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ራሱም ያውቀዋል።

ደብዳቤ ካነሳን፣ ስለ ዌንትዎርዝ ደብዳቤ የሰማ ብዙ ነው፤ ይዘቱን አላበላሽባችሁም። አን ከዌንትዎርዝ ጓደኛ ከካፒቴን ሃርቪል ጋር ወንድ ነው ሴት ፍቅሩን ቶሎ የሚረሳው እያሉ ይከራከራሉ። እሱ መጻሕፍትን ሲጠቅስ እሷ መጻሕፍቱን የጻፉት ወንዶች ናቸው ትለዋለች። ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚጽፍ የሚመስለው ሰው ብዕሩ ይወድቅበታል። የሚገርመው፣ ኦስተን መጀመሪያ ይህን አልጻፈችም። እ.ኤ.አ. በ1816 የጨረሰችው ረቂቅ የሚያስታርቃቸው አድሚራሉ ቤት ውስጥ ነው። አልወደደችውም፣ አውጥታ በዚህ ተካችው። ያ የተጣለው ረቂቅ በእጅ ጽሑፏ እስከ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። በመተካቷ እግዜር ይስጣት።

እንከን የለውም አልልም። መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች በዘር ሐረግና በዕዳ የተሞሉ ናቸው፤ ታገሡ። የአንን ልብ የሚከጅለው ዘመዷ ሚስተር ኤልየት ደግሞ ማንነቱ የሚገለጠው ወይዘሮ ስሚዝ የምትባል ታማሚ ጓደኛዋ በአንድ ረጅም ጭውውት ሁሉን ስለምትዘረግፍ ነው። ሰበቡ በጣም ተመቻችቷል። እሷ ራሷ ግን ደስ ትላለች፤ ባሏ ሞቶ፣ ገንዘቧ አልቆ፣ እግሯ አልንቀሳቀስ ብሏት ሹራብ እየሠራች የምትስቅ ሴት ናት።

አንድ የማልስማማበት ቦታም አለ። አን መጨረሻ ላይ ምክሩ የተሳሳተ ቢሆንም ሌዲ ራስልን መስማቴ ትክክል ነበር ትላለች። ስምንት ዓመት የከፈለችው እሷ ናት፣ መብቷ ነው። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። ዌንትዎርዝም ሴትዮዋን ይቅር ብሏቸው እንደሆነ ሲናገር ገና ነው፣ ወደፊት ግን ተስፋ አለ ይላል። እኔ ከእሱ ወገን ነኝ።