ኤርጎታሚን ወይስ ሱማትሪፕታን፦ ኪስም ልብም ሲታሰብ

ማይግሬን ያለባቸው ወዳጆቼ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ርካሹን ብገዛስ?» ርካሹ የማይግሬን መድኃኒት ከካፌይን ጋር የተቀላቀለው ኤርጎታሚን ነው። እኔ ግን ሌላውን የማይግሬን መድኃኒት፣ ሱማትሪፕታንን እላለሁ።

ዋጋውን በፍሬ አታስሉት፤ ለአንድ ሕመም ስንት ፍሬ እንደሚሄድ ቁጠሩ። ባለ 1 ሚሊግራሙ ኤርጎታሚን በ2 ፍሬ ይጀመራል። ካልተሻለ በየግማሽ ሰዓቱ 1 እየተጨመረ እስከ 6 ይደርሳል። ከሱማትሪፕታን ብዙ ሰው በአንድ ባለ 50 ሚሊግራም ፍሬ ይገላገላል። ስለዚህ የኤርጎታሚኑን ዋጋ ቢያንስ በ2 አባዙና አወዳድሩ።

ሁለቱም ደም ሥር ያጠባሉ። የልብ ደም ሥር ሕመም፣ ስትሮክ ወይም ያልተስተካከለ ግፊት ላለበት ሁለቱም አይሆኑም። ከመግዛታችሁ በፊት ግፊት ተለኩ፣ ሐኪምም ይዘዘው። ሱማትሪፕታን ደረትና አንገት ጨምደድ ያደርጋል፤ ብዙውን ጊዜ ከልብ አይደለም፣ ይለቃል። ካልለቀቀ ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ ከሄደ ግን ቀጥታ ሆስፒታል። ኤርጎታሚን ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ሲበዛ የእጅና የእግር ጣት ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል።

እኔን በጣም የሚያሰጋኝ የጨጓራው ነገር ነው። ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነው። እሱ ኤርጎታሚን ከሰውነት እንዳይወጣ ያግደዋል፤ ነገሩ ጣት እስከማጣት ይደርሳል። ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ሪቶናቪርም እንዲሁ ነው። ጨጓራና ማይግሬን አብረው ያሉበት ሰው ደግሞ ስንቱ ነው! ሱማትሪፕታን ይህ ጣጣ የለበትም።

አንድ ጓደኛዬ ከሻንጣ ነጋዴ በግማሽ ዋጋ «ሱማትሪፕታን» ገዛ። ስትሪፑ ተቆርጧል፤ የማብቂያ ጊዜው ያለበት ጫፍ የለም። ፍሬው ሲወጣ ይፈረፈራል። ዋጠው፣ ምንም። ተናዶ በዚያው ሌሊት ኤርጎታሚን ሊደግምበት ነበር። በሁለቱ መሃል 24 ሰዓት ማለፍ አለበት። የዋጠው እውነተኛ ይሁን አይሁን ደግሞ ማን ያውቃል? ካርቶንና ደረሰኝ ከሌለው አትግዙ።

አሜሪካ ላላችሁ፣ ሪሜጌፓንትና ዩብሮጌፓንት የሚባሉት አዳዲስ የማይግሬን መድኃኒቶች ደም ሥር አያጠቡም። ኢንሹራንስ ካልሸፈነው ግን ዋጋቸው አይቀመስም።

ቀለል ላለው ሕመም አይቡፕሮፌን ይበቃል፤ ግፊትና የልብ ሕመም ላለበት ግን እሱም አይመከርም። ሱማትሪፕታንም ሆነ ኤርጎታሚን በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከተዋጠ ራስ ምታቱን መድኃኒቱ ራሱ ያመጣዋል። እዚያ ከደረሳችሁ ሐኪሙን ስለ መከላከያው ፕሮፕራኖሎል ጠይቁት። ርካሽ ነው፤ አስም ካለባችሁ ግን አትንኩት።