ባለማግኔቱ የሞተር ቦርሳ፦ ከዘጠኝ ወር አገልግሎት በኋላ

ባለፈው ግንቦት የገዛሁት ቦርሳ የሞተር ሳይክል የነዳጅ ታንከር ላይ በማግኔት የሚጣበቅ ሲሆን፣ ከላዩ ካርታ ወይም ስልክ የሚገባበት ግልጽ የፕላስቲክ ኪስ አለው። ዋጋው የአንድ ጥሩ ጎማ ያህል ነው። ለግዢው ምክንያት የሆነኝ የቀድሞው ስልኬ ነበር፤ መሪው ላይ በሚታሰር መያዣ ይዤው ብዙ ከተጓዝኩ በኋላ ካሜራው ምስል ማጥራት ተሳነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 የትላልቅ ሞተር ሳይክሎች ንዝረት የስልክ ካሜራ ማረጋጊያን ሊጎዳ እንደሚችል ማስጠንቀቁን ያነበብኩት ከዚያ ወዲህ ነው። የእኔ ሞተር ትንሽ፣ ስልኬም የሌላ ኩባንያ ምርት ቢሆንም ዳግመኛ ልሞክረው አልፈለግሁም።

ማግኔቱን አደንቃለሁ። ከጎባ ተነስቼ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ አቋርጬ ወደ ሪራ ስወርድ በዚያ ሁሉ ኮረኮንች ንቅንቅ አላለም። ታንከሩ ግን ብረት መሆን አለበት፤ ቦርሳው ከመቀመጡ በፊትም አቧራው ካልተጠረገ እያንዳንዱ ማግኔት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። እኔ የተማርኩት የታንከሬ ቀለም በሁለት ቦታ ከደበዘዘ በኋላ ነው። ቤንዚን በተቀዳ ቁጥር ቦርሳውን ማንሳትም ያሰለቻል።

ስልክን በዚያ ግልጽ ኪስ ውስጥ አስገብቶ መንገድ መከተል ግን ሻጩ እንዳወራው አይደለም። በስምጥ ሸለቆው ቀትር ፕላስቲኩ ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ ስልኩ መጀመሪያ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ቀጥሎም ይዘጋል። ማግኔቱ ደግሞ የስልኩን ኮምፓስ ያሳብደዋል። በጉዞ ላይ ስልኩ አቅጣጫን የሚያሰላው ከሳተላይት በተከታታይ ከሚያገኘው መገኛ ስለሆነ ችግሩ አይታይም፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆም ሲባል ግን፣ ማለትም ምክር በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ቀስቷ መዞር ትጀምራለች።

ሐሳቤን የቀየረኝ ዶዶላ ላይ የገጠመኝ ነው። ከሐዋሳ በሻሸመኔና በኮፈሌ በኩል ወደ ባሌ ስጓዝ፣ ኔትወርክ እንዳያስቸግረኝ ካርታውን አስቀድሜ ስልኬ ላይ ጭኜ፣ መድረሻዬንም «ሮቤ» ብዬ መዝግቤ ነበር። ዶዶላ ስደርስ ስልኩ ወደ ግራ ታጠፍ አለኝ። ቤንዚን የሚቀዳልኝ ወጣት በቦርሳው ግልጽ ኪስ ውስጥ የሚታየውን ስም አንብቦ፣ «ጋሼ፣ የባሌዋ ሮቤ ናት የአርሲዋ?» ሲል ጠየቀኝ። ስልኩ ሲመራኝ የነበረው ወደ አርሲዋ ነበር። የቦታ ስሞቻችን በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፉም፣ ፍለጋው አንዳንዴ የሚታወቅ ከተማን እንኳ አጥቶ ይመለሳል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግልጽ ኪሱ የወረቀት ሆኗል፤ ስልኩ የደረት ኪሴ ውስጥ ሆኖ በጆሮ ማዳመጫ ድምፁን ብቻ ያሰማኛል። ወረቀቱ ላይ ከተሞቹን በቅደም ተከተል፣ በመካከላቸው ያለውን ኪሎሜትርና መታጠፊያው ላይ የሚታየውን ምልክት (ማደያ፣ ድልድይ፣ መስጊድ) በጉልህ እጽፋለሁ። የምጽፈውም ከታች ወደ ላይ ነው፤ ዓይን ከመንገዱ ዝቅ ሲል ቀጣዩ ከተማ ካለፈው በላይ ሲገኝ፣ መንገዱ ከፊት እንደሚመጣው ሆኖ ይነበባል። ኪሎሜትሩን ከሞተሩ ቆጣሪ ጋር እያስተያየሁ ምን ያህል እንደቀረኝ አውቃለሁ። መንገደኛን ስጠይቅም ወረቀቱን ማሳየት ስልክ ከመዘርጋት ይሻላል፤ «ቅርብ ነው» የሚለውን መልስ ባያስቀርልኝም።

ክረምቱ ድካሙን አሳይቶታል። የዝናብ ልብሱ ነፋስ ሲመታው ይገለባል፣ በዚፑ ስፌት ውኃ ይገባል፣ ግልጽ ኪሱም በእንፋሎት ይጋረዳል። በእስክሪብቶ የጻፍኩት የመጀመሪያው ወረቀት ሐምሌ ላይ ሰማያዊ ጭቃ ሆኖ ስለቀረ አሁን የምጽፈው በእርሳስ ነው። ዚፑ በስድስተኛው ወር ተበጥሶ አንድ ቦርሳ ሰፊ በወፍራም ዚፕ ቀይሮልኛል፤ ከፋብሪካው ዚፕም የእሱ ይሻላል። የፕላስቲክ ታንከር ላለው ወይም ቦርሳውን ለስልክ ብሎ ለሚገዛ ሰው አልመክረውም።