የማታ ክፍል ወይስ የቤት ጠረጴዛ?

ቀን ኮድ ስጽፍ እውላለሁ። የኮምፒውተር ሳይንስ መሠረቱ ግን ጎድሎኝ ነበር።

የማታ ትምህርት ዲግሪ አለው፤ የሚጠየቅ መምህርም አለ። ግን ከሥራ ወጥቶ፣ በሐዋሳ ባጃጅ ተጋፍቶ ክፍል መግባት፣ ያውም ለዓመታት! ሞክሬ ነበር። ሦስተኛው ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለኝ።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ፣ ሲኤስ50፣ በኢንተርኔት ነፃ ነው። ቪዲዮውን ሌሊት አውርጄ፣ ንጋት ላይ ቡናዬን ይዤ አያለሁ። ባይነሪ ሰርች የሚባለው የፍለጋ ዘዴ ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። በፊደል ተራ ከተደረደሩ 1,000,000 ስሞች አንዱን ለማግኘት ቢበዛ 20 ጊዜ ማየት ይበቃል፤ በየጊዜው ግማሹን ትጥላለህ። እኔ ሆዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ ሳስስ!

እኔ ቤቱን መርጫለሁ። ቀጣሪህ ዲግሪ አምጣ ካለ ግን፣ ወንድሜ፣ ማታውን ተመዝገብ።