ተማሪዎች ቤት ድረስ ይዘውት የሚመጡት የስትሮክ ድጋፍ ምን ያህል ይጠቅማል?

የጤና ተማሪን በቡድን ወደ ሰፈር መላክ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ጎንደርና ጅማ ይታወቁበታል። የፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴና በልምምድ የሚሰጥ ሕክምና) እና የነርሲንግ ተማሪዎች ስትሮክ ያገኘው ሰው ቤት ሲመጡ ግን ዋጋቸው የሚታየው ከሄዱ በኋላ አስታማሚው በሚሠራው ነው።

ጎበዝ ቡድን ሥራውን ከደም ግፊት ይጀምራል። ሕመምተኛው 5 ደቂቃ አርፎ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ ደህናው ክንዱ በልብ ትክክል ተደግፎ ይለካል። «ተሽሎኛል» ብሎ ያቋረጠው የግፊት ኪኒን ካለ ሕመምተኛውን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩታል፤ ሁለተኛ ስትሮክ ከሚያመጡት ነገሮች ዋነኛው ያልተያዘ ግፊት ነውና። ጠበል የሚጠመቀውን ሰው ሳይነቅፍ «ኪኒኑንም አብረው ይውሰዱ» ማለት የሚችል ተማሪ ደግሞ ወርቅ ነው።

በጣም የሚጠቅመው ትምህርት የአነሳስ ነው። ቤተሰብ በደግነት የሰነፈውን ክንድ ይዞ ይጎትታል፤ መገጣጠሚያውን የሚይዙት ጡንቻዎች ስለላሉ ትከሻው ከቦታው ይንሸራተታል፣ ሕመሙም ለወራት ይቆያል። ተማሪዎቹ ሕመምተኛው ወገብ ላይ ሰፊ መቀነት አስረው፣ ክንዱን ሳይሆን መቀነቱን ይዞ መደገፍን ያሳያሉ። መነሣት የሚለማመደው ግድግዳ ተደግፎ በቆመ፣ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ነው፦ እግር ወደ ኋላ ሳብ፣ ደረት ወደ ፊት ዘንበል፣ ከዚያ ብድግ። ከ5 እስከ 10 ጊዜ፣ በመሃል እያረፉ። ዱካ ዝቅ ስለሚል ለመጀመሪያ አይሆንም። ምርኩዝ የሚያዘው በደህናው እጅ ነው። ልብስ ሲለበስ የታመመው እጅ ይቀድማል፤ ሲወለቅ መጨረሻ ይሆናል።

ምግብ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በሻይ ማንኪያ፣ ከበላም በኋላ 30 ደቂቃ ሳይተኛ። ውኃ ሲጠጣ የሚያስለው ወይም ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ውኃ እንደቀረ ዓይነት የሚሆን ከሆነ ነገሩ የሐኪም ነው።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ሰባት ስምንት ሆነው ገብተው ሁሉም በአንዴ ሲጠይቁ ንግግር የጠፋበት ሰው ይደነግጣል። ሁለት ይበቃሉ፤ ጥያቄውም «አዎ» ወይም «አይ» የሚመለስ ይሁን። ኳስ አስጨብጠው የሚሄዱም አሉ፤ መጨበጥ ብቻውን ጣት መዘርጋትን አያስተምርም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የልምምድ ወረቀት ትራስ ሥር ይቀራል።

ትልቁ ችግር ሴሚስተር ሲያልቅ ነው፤ አዲሱ ቡድን ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ቀን፣ ግፊት፣ የተሠራው ልምምድና ብዛቱ የሚጻፍበት ደብተር እቤት ይቀመጥ። በመጀመሪያው ቀንም የሚቆጣጠራቸውን መምህር ስልክ ተቀበሉ። ፊት ቢጣመም፣ ንግግር ቢጠፋ ወይም እጅ ወይም እግር በድንገት አዲስ ቢዝል ግን ተማሪም መምህርም ሳትጠብቁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።