ሁዊል፦ የጃፓን ደን ጠረን በስካርፍና በነጠላ ላይ

ጣፋጭ ሽቶ የምትወዱ ሰዎች ሁዊልን ገና ስትረጩት ፊታችሁን ልታጨማድዱ ትችላላችሁ። ቫኒላ አይሸትም። ስኳር ስኳር አይልም። የሚሸተው እንጨት፣ ዕጣን፣ ሥርና ጢስ ነው። እኔ ግን ካሉኝ ሽቶዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ለምን እንደሆነ በደንብ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ዕጣን ሲጨስበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ሽቶ ከማንም በላይ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ሠሪው ኢሶፕ የሚባለው የአውስትራሊያ ድርጅት ነው። ሜልበርን ውስጥ በ1987 ተጀመረ፤ በ2023 ሎሬያል ገዛው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ሁዊል የወጣው በ2017 ሲሆን የቀመመው በርናቤ ፊዮን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። መነሻው የጃፓን ጥንታዊ ደኖች ናቸው። ኩባንያው ዋና ብሎ የሚጠራቸው ሦስት ነገሮች ሳይፕረስ፣ ዕጣንና ቬቲቨር ናቸው። ሳይፕረስ እኛ የፈረንጅ ጥድ የምንለው ዛፍ ወገን ነው። ሴትም ወንድም ይቀባዋል።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ጆርጅታውን ሱቅ አላቸው። የኢሶፕ ሱቆች ውስጥ የእጅ መታጠቢያ አለ። ሻጮቹ እጃችሁን በሳሙናቸው አሳጥበው ክሬም ይቀቧችኋል። በጣም ደስ የሚል መስተንግዶ ነው። ሽቶ ልትሞክሩ ከሄዳችሁ ግን በትሕትና ለሌላ ቀን በሉት። የሳሙናውም የክሬሙም ሽታ ጠንካራ ስለሆነ ከሽቶው ጋር ይደባለቅባችኋል።

አሁን ወደ ሽታው።

መጀመሪያ የሚመጣው ጦስኝ ነው፤ ከሮዝ ቁንዶ በርበሬ ጋር። ይህ ክፍል ሹል ነው። አፍንጫን ይወጋል። ብዙ ሰው ሽቶውን የሚጠላው እዚህ ጋ ነው፤ ወረቀት ላይ አሽትቶ ወዲያው ያስቀምጠዋል። እባካችሁ ታገሡት። ትንሽ ቆይቶ ጦስኙ ይለሳልሳል፣ ከሥሩ ዛፉ ይወጣል። እርጥብ ሳይሆን ደረቅ እንጨት ነው፤ ሙጫው ገና ያልለቀቀው። ከዛፉ ጋር ዕጣኑ ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ሽቶው ይረጋል፣ ሰውነት ላይ ይቀመጣል። ለእኔ ምርጡ ሰዓት ይህ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይወርዳል። ሥር፣ አፈር፣ የዛፍ ሽበት፣ ጢስ። ማታ ላይ የሚቀረው ይኼ ነው።

ስለ ጢሱ ትንሽ ልቆይ፤ የሽቶው ጥበብ ያለው እዚያ ነውና።

እኛ ዕጣንን የምናውቀው ፍም ላይ ነው። ሽቶ ውስጥ የሚገባው ግን አይቃጠልም። ሙጫው በእንፋሎት ይነጠርና ዘይቱ ይወጣል። ያ ዘይት ደግሞ ጢስ አይሸትም። የሶማሊያና የኦማን ዕጣን ዘይት፣ ሽቶ ቀማሚዎች በብዛት የሚያውቁት እሱ ነው፣ ወደ ሎሚና ወደ ጥድ ያደላል። የእኛ አገር ዕጣን ሌላ ዝርያ ስለሆነ ዘይቱ ወደ ብርቱካን ይሄዳል። ፍሙ ላይ ስናደርገው የምናገኘውን ያን ከባድ ሽታ የሚፈጥረው እሳቱ ነው። ስለዚህ ሽቶ ቀማሚ ዕጣኑ እንዲጨስለት ከፈለገ ጢሱን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት።

ሁዊል ውስጥ ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ቬቲቨር ነው። ቬቲቨር ሣር ነው። ጅማና ኢሉባቦር አካባቢ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ገበሬው አፈር እንዳይሸረሸርበት በእርሻው ዳርና በተዳፋቱ ላይ በመስመር ይተክለዋል። ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሦስት ሜትርና ከዚያም በላይ ሊወርድ ስለሚችል ነው አፈሩን የሚይዘው። ሽቶ የሚሆነው ታዲያ ያ ሥር ነው። ሥሩ ተቆፍሮ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ይነጠራል። በዚህ ዘይት ሄይቲና የኢንዶኔዥያዋ ጃቫ የታወቁ ናቸው። ሽታው ደረቅ አፈርና ጢስ አለበት፣ ትንሽ መራራም ነው። ዕጣኑ ላይ ሲደረብ አፍንጫ ፍም ያለ ይመስለዋል። እሳት የለም፣ ጢሱ ግን አለ። ይህን በመሰለ ጥንቃቄ የተሠራ ሽቶ ብዙ አላጋጠመኝም።

እናቴ ከደሴ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ አንድ ጠዋት ተቀብቼ ወደ ሳሎን ስወጣ ቀና ብላ አየችኝና፣

«አንቺ! ወይባ ሞቀሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ሽቶ ነው እማዬ» አልኳት።

አንገቴን ስባ አሸተተችኝ። «ጨዋ ሽታ ነው» አለች። «ሰው ካልቀረበ አይሸትም።»

ከዚህ የተሻለ ግምገማ እኔም አልጽፍም። ሁዊል ሰው ክፍል ውስጥ ሳይገባ ቀድሞ የሚገባ ዓይነት ሽቶ አይደለም። ሊፍት ውስጥ ማንንም አያስጨንቅም። አጠገባችሁ የተቀመጠ፣ አቅፎ የሳማችሁ፣ ወደ ጆሯችሁ ጠጋ ብሎ ያወራችሁ ሰው ያገኘዋል። ከዱባይ የሚመጡትን የዑድ ሽቶዎች የለመዳችሁ ይሄ ያንሳችሁ ይሆናል። ዑድ ይናገራል፣ ያውጃል፤ ሠርግ ላይ ያምርበታል። ሁዊልን ለሠርግ አልመርጠውም። ለሥራ ቀን፣ ለእሑድ ጠዋት፣ ለረጅም የእግር ጉዞ፣ ለልቅሶ ቤትም ቢሆን ይመቻል።

አሁን ስለ ደኑ። ሽቶው የሚያነሳው ደን ለእኔ ተረት አይደለም። ጃፓኖች ከሁሉ አስበልጠው የሚያከብሩት ዛፍ ሂኖኪ ይባላል፤ ከእኛው ጥድ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ የሚመደብ ነው። መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ በትልልቆቹ ጥዶች መሐል የሄደ ሰው ሁዊል ለምን እንደማያስደነግጠው ይገባዋል። ጃፓን ውስጥ ሂኖኪ የመታጠቢያ ገንዳ ይሠራበታል፣ ቤተ መቅደስ ይሠራበታል። የኢሴ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ የሚገነባው በዚህ እንጨት ነው፤ የመጨረሻው ግንባታ የተጠናቀቀው በ2013 ነበር።

እንጨቱ ከሚታወቅባቸው ቦታዎች ዋናው ናጋኖ ግዛት ውስጥ ያለው የኪሶ ሸለቆ ነው። እዚያ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለግንብና ለከተማ ሥራ ሲባል ደኑ ክፉኛ ተጨፈጨፈ። ከዚያ አካባቢውን ይገዛ የነበረው የኦዋሪ ግዛት ቆረጣውን ከለከለ። ቅጣቱ «ለአንድ ዛፍ አንድ ራስ» ነበር ይባላል። ዛሬ አካሳዋ በሚባለው የኪሶ ክፍል ያሉት ሂኖኪዎች ዕድሜ 300 ዓመት ገደማ ነው። ሰዎች ለጤናቸው ብለው ደን ውስጥ ቀስ ብለው እየሄዱ አየሩን እንዲስቡ የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት በ1982 ሐሳቡን ሲያመጣ ከሁሉ በፊት የተጀመረው አካሳዋ ላይ ነው። አሁን ዓለም ሁሉ የሚያወራለት የደን ሕክምና ማለት ነው።

ይህን ሳስብ የእኛው የዕጣን ዛፍ ትዝ ይለኛል፤ ይቆጨኛልም። መተማና ቋራ፣ ትግራይ፣ ቤኒሻንጉል ውስጥ በቆላው መሬት ላይ ይበቅላል። በበጋ ግንዱ ይፈቀፈቅና የሚፈሰው ነጭ ፈሳሽ ሲደርቅ ይለቀማል። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በብዙ ቦታ ወጣት ዛፍ እየበቀለ እንዳልሆነ አሳይቷል። ከብቱ ችግኙን ይበላዋል፣ ሰደድ እሳት ያቃጥለዋል፣ የቆመውም ከመጠን በላይ ይፈቀፈቃል። በዚሁ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል ይላል ጥናቱ። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየቡናው የምናጨሰው ዕጣን ነው እኮ! አንድ ውድ ጠርሙስ የጃፓንን ደን ውበት ሲያነሳ ሳሸት፣ ያ ደን የቆመው ከልካይ ስለነበረው እንደሆነ አልረሳም። ለመተማው ዛፍም ከልካይ እመኝለታለሁ።

ወደ ሽቶው ልመለስ። አቀባቡ ላይ የማደርገውን ልንገራችሁ። ቆዳ ደረቅ ከሆነ ሽቶው ቶሎ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሽታ የሌለው ቅባት ወይም ቫዝሊን አስቀድሜ እቀባለሁ። አንገቴ ላይና ክርኔ መታጠፊያ ላይ እረጫለሁ። አላሸውም። ከዚያ የሱፍ ስካርፌ ላይ ራቅ ብዬ ጥቂት። ሱፍ ይህን ሽቶ ይወደዋል። ቆዳዬ ላይ ከሥራ ስወጣ ሳስቷል፤ ስካርፌ ላይ ግን በማግስቱም አለ። ነጭ ጨርቅ ላይ በቀጥታ እንዳትረጩት፤ እድፍ ሊተው ይችላል። ነጠላ የምለብስ ቀን ከውስጥ ልብሴ ላይ እረጭና ነጠላውን ደረቅ ካለ በኋላ እደርባለሁ።

ቅዳሴ ላይ ያለውን ነገር ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። ካህኑ በጥናው ሲያጥኑ እውነተኛው ጢስ መጥቶ ከሽቶው ጋር ይገናኛል። አይጣሉም። የቤተ ክርስቲያኑ ዕጣን ላይ ላዩን ይይዛል፣ የሁዊል ዛፍና ሥር ከታች ይቆማል። ብዙ ሽቶዎች በዕጣን መሐል ሲገቡ ርካሽ ይሆናሉ፤ አበባውና ስኳሩ ያስጠላል። ይሄ ቦታውን ያውቃል።

የአየሩ ነገር ወሳኝ ነው። የዋሽንግተን ሐምሌ፣ ያ ላብ የሚያስጠምቅ ወበቅ፣ ለሁዊል አይሆንም። ጢሱ ይከብዳል፣ እንጨቱ ያፍናል። ከጥቅምት ጀምሮ ብርዱ ሲገባ ግን ሌላ ሽቶ ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጃኬት ሲለበስ ይዋብበታል።

ከሌሎች ጋር ላወዳድረው። የጃፓኑ ኮም ዴ ጋርሶን፣ ሬይ ካዋኩቦ ቶኪዮ ውስጥ የመሠረተችው ማለት ነው፣ በዚህ መስክ ቀዳሚ ነው። በ2002 ካወጣቸው የዕጣን ሽቶዎች አንዱ ኪዮቶ ይባላል፤ ቀማሚው ቤርትራን ዱሾፉር ነው። ኪዮቶ ከሁዊል ይቀላል፣ ይጠራል። ውስጡ ቡናም አለበት፤ ዕጣንና ቡና አንድ ላይ! ለእኛ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። በ2008 ከሞኖክል መጽሔት ጋር ያወጡት ሂኖኪ ደግሞ አንትዋን ሜዞንዲዩ የቀመመው ነው። እሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ካምፈርና ተርፔንታይን አለበት፣ ንጹሕ ነው፣ ጢሱ ትንሽ ነው። ንጽሕና ለሚወድ ሂኖኪ፣ ለስለስ ያለ ዕጣን ለሚወድ ኪዮቶ፣ ጢስና አፈር ለሚወድ ሁዊል። እኔ አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል ሁዊልን ነው የምመርጠው።

የማልወድለትም አለ። ዋጋው ያማል፤ 50 ሚሊ ሊትሩ ከ100 ዶላር በላይ ነው። በቆዳ ላይ ያለው ዕድሜም ለዚህ ዋጋ ትንሽ ረዘም ቢል ደስ ይለኝ ነበር። የመጀመሪያው ጦስኝ ደግሞ ሁሌ እንደዚያ መጮህ አልነበረበትም። በተረፈ ስጦታ ለመስጠት አልመክርም፤ የሌላ ሰው አፍንጫ ጢስ ይውደድ አይውደድ ገምቶ መግዛት ከባድ ነው።

ልትገዙ ካሰባችሁ አንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ ክንዳችሁ ላይ አስረጩ። ናሙና ካላቸው ጠይቁ። ሳትገዙ ውጡ፣ ምሳ ብሉ፣ ተዟዟሩ። ጦስኙ ከሄደ በኋላ ክንዳችሁን ደጋግማችሁ ወደ አፍንጫችሁ የምትወስዱ ከሆነ ተመልሳችሁ ግዙት። ካልሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።